ከፍላችሁ ዕቃው ካልመጣ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ሆኖ ከኦንላይን ሻጭ ገንዘብ የማስመለስ አሠራር

በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ያያችሁትን ዕቃ ከፍላችሁ፣ «ነገ ጠዋት ሞተረኛው ይደውላል» ተብላችሁ፣ ያ ነገ ሳምንት ከሞላው ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። በተለይ አያት፣ የካ አባዶ፣ ሰሚት፣ ጀሞ፣ ቃሊቲ፣ ወይም ከዚያ ወዲያ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ለምትኖሩ። መሀል ከተማ ያለ ገዢ ብዙ ጊዜ ዕቃውን በእጁ ይዞ ይከፍላል። ለዳር ነዋሪ ግን «ለእናንተ ሰፈር ቅድሚያ ክፍያ ነው» ይባላል፤ የሚበላውም ብር እዚህ ላይ ነው። ሻጩ መርካቶ ወይም ቦሌ ነኝ ካለ፣ ሄዶ ለማየት ግማሽ ቀንና የሁለት ሦስት ታክሲ ሒሳብ ያስፈልጋል። አታላይ ሻጭ ይህን አስልቶ ነው የሚሠራው።

አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ቅደም ተከተሉን ስለሚያዛባ ነው። መጀመሪያ ይሳደባል፣ ቀጥሎ ይታገዳል፣ ማስረጃ የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ገልብጡት። ሻጩ እንደጠረጠራችሁት ሳያውቅ ያሉት ሰዓታት ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አላቸው።

1. አንድም ቃል ሳትጽፉ ማስረጃውን ሰብስቡ

ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን በሙሉ ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ሻጩ አንድ ቁልፍ ተጭኖ «ለሁለታችንም አጥፋ» ካለ፣ ዋጋው፣ የገባው ቃል፣ የላከው የሒሳብ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ይህን አድርጉ፦

የሻጩን መልዕክቶች በሙሉ ምረጡና ወደ ራሳችሁ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ፎርዋርድ አድርጉ። ዋናው ቢጠፋም ፎርዋርድ የተደረገው ይቀራል። ቀጥሎ ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ስክሪንሾት አንሡ። እያንዳንዱ ስክሪንሾት የፊተኛውን የመጨረሻ መስመር ደግሞ ይያዝ፤ መርማሪው መሀል ላይ የተቆረጠ ነገር እንደሌለ የሚያየው በዚህ ነው። ኮምፒውተር የሚያገኝ ሰው በቴሌግራም ዴስክቶፕ ንግግሩን ከፍቶ ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚለውን ይጫን። ድምፅና ፎቶው ጭምር ከነሰዓቱ በአንድ ፎልደር ይወርዳል። የድምፅ መልዕክት ካለ በስክሪንሾት አይያዝምና ይህ መንገድ ይበልጣል።

የሻጩን ፕሮፋይል ክፈቱና ስሙን፣ ዩዘርኔሙን፣ ስልኩ ከታየም ስልኩን ያዙ። ዩዘርኔም በደቂቃ ይቀየራልና የቻናሉን ሊንክ፣ በተለይ ዕቃው የተለጠፈበትን የዚያን ፖስት ሊንክ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ጻፉት። ቲክቶክ ከሆነ ቪዲዮውን አውርዱ፣ ከሥሩ ያሉትንም አስተያየቶች ስክሪንሾት አድርጉ። «እኔም አልደረሰኝም» የሚል ሌላ ሰው ካለ ለኋላ ያስፈልጋችኋል።

የክፍያው ማስረጃ ለብቻው ነው። በቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣው አጭር መልዕክት የተቀባዩን ስም፣ የገንዘቡን መጠን፣ ሰዓቱንና የግብይት ቁጥሩን ይዟል፤ በውስጡ ያለውን የደረሰኝ ሊንክ ከፍታችሁ አውርዱት። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ነው መለያችሁ። አጭር መልዕክቱን አታጥፉት፤ የወረቀት ኮፒም አውጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ብሩን የተቀበለው ስም ሻጩ ከነገራችሁ ስም ጋር ይመሳሰላል? «የወንድሜ አካውንት ነው» ብሎ ከነበረ፣ ያለበትን መስመር ለይታችሁ አስቀምጡ። ለፖሊስ መነሻ የሚሆነው የቻናሉ ስም አይደለም፤ ብሩን የተቀበለው ሰው ስም ነው።

2. ዘገየ ወይስ አታለለ?

ሁሉም የዘገየ ሻጭ ሌባ አይደለም። ብዙ የቴሌግራም ሱቆች ዕቃ በእጃቸው የላቸውም፤ ትዕዛዝ ሲመጣ ነው መርካቶ ሄደው የሚያነሡት። ቁጥሩ ወይም ቀለሙ ካለቀ አፍሮ ዝም የሚል አለ። የእናንተ ሰፈር ትዕዛዝ አንድ ብቻ ስለሆነ ለሞተር አያዋጣውም ብሎ ሌላ እስኪገኝ የሚያቆየውም ብዙ ነው። ይህን ሻጭ ሌባ ብላችሁ ብትጮኹበት የሚመለሰውን ብር ታዘገዩታላችሁ።

የዘገየ ሻጭ ቢያንስ ስልክ ያነሣል፣ ምክንያቱ ከቀን ቀን አይለዋወጥም፣ ሱቁን ያሳያል፣ «ብሬን መልስልኝ» ሲባል ሒሳብ ቁጥር ይጠይቃል። አታላይ ግን በጽሑፍ እንጂ በስልክ አያወራም። የላከው የዕቃ ፎቶ በጉግል ምስል ፍለጋ ሲታይ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ቻናሉ ላይ አስተያየት መጻፍ ተዘግቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጨማሪ ብር ይጠይቃል፦ ለዴሊቨሪ፣ ለኬላ፣ «ሞተረኛው ለገጣፎ መግቢያ ላይ ተይዞ» እያለ። ከከፈላችሁ በኋላ ለአንድ ዕቃ ሁለተኛ ክፍያ ከተጠየቃችሁ፣ ሌላ ምልክት አትጠብቁ፤ ቀጥታ ወደ ቁጥር 3 ሂዱ። ጥያቄውን ግን ሳትመልሱ ስክሪንሾት አድርጉት፤ ከማስረጃዎቻችሁ ሁሉ ጠንካራው እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ፈተና አለ። ሻጩን ሳትቆጡ «መገናኛ ወይም ሜክሲኮ መጥቼ ልውሰደው፣ ስንት ሰዓት ይመችሃል?» በሉት። ዕቃው ያለው ሻጭ የሞተር ወጪ ስለቀረለት ደስ ይለዋል። ዕቃ የሌለው ሰው ሰበብ ይፈልጋል።

3. ማታለል ከመሰላችሁ በዚያው ሰዓት ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ደውሉ

ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ይደወላል፤ ሌላ ባንክ ከሆነ የራሱ አጭር ቁጥር በመተግበሪያው ላይ አለ። የምትሉት አጭር ይሁን፦ የግብይት ቁጥሩ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቀባዩ ስም፣ «የማጭበርበር ጥቆማ ነው፣ አቤቱታዬ ይመዝገብልኝ»። የመዝገብ ወይም የቅሬታ ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስምም እንዲሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል፤ ምክንያቱም ሠራተኛው «እኛ መመለስ አንችልም» ይለዋል። እውነቱን ነው የነገራችሁ። ባንክ በስልክ ጥሪ ብቻ ከሌላ ሰው ሒሳብ ብር አውጥቶ አይሰጥም፤ የተቀባዩ ፈቃድ ወይም የሕግ አካል ትዕዛዝ ያስፈልገዋል። የደወላችሁት ግን በከንቱ አይደለም። ቶሎ ማመልከታችሁ በቀን ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ በዚያው ተቀባይ ላይ ሌላ ሰውም አመልክቶ ከሆነ አንድ ላይ ይታያል፣ ፖሊስ በኋላ ደብዳቤ ሲጽፍም የሚጠቅሰው ቁጥር ይኖረዋል። በአካል ቅርንጫፍ ከሄዳችሁ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁና አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስደርጉ።

4. ቀን የቆረጠ ማስጠንቀቂያ ጻፉ

የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው መጀመሪያ ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ቁጥር 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ላይ የጊዜ ገደብ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። «እባክህ ላክልኝ» እያሉ ሃያ ጊዜ መለመን ይህን አያሟላም። አንድ ግልጽ መልዕክት ያሟላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልዕክት መጻፉ ይበቃል። በሁለቱም ብትልኩት ይመረጣል፤ ቴሌግራም ላይ ቢያግዳችሁ እንኳ አጭር መልዕክቱ ይቀራል።

መልዕክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። መጋቢት 16 ቀን 2017 ለጥቁር ጫማ፣ ቁጥር 41፣ 3,800 ብር በቴሌብር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙን በድጋሚ ልኬያለሁ። በ2 ቀን ይደርሳል ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ዛሬ መጋቢት 23 ነው፣ አልደረሰኝም። እስከ ዓርብ መጋቢት 26 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ወይ ዕቃውን ያስረክቡኝ፣ ወይ 3,800 ብሩን በከፈልኩበት ስልክ ይመልሱልኝ። ከዚያ ሰዓት በኋላ ዕቃውን አልቀበልም፤ ውሉን ሰርዤ ገንዘቤን በሕግ እጠይቃለሁ።»

ከዚህ ውስጥ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የገባውን ቃልና የመጨረሻውን ሰዓት አታጉድሉ። ስድብ፣ እርግማን፣ «ወንድሜ ፖሊስ ነው» የሚል ማስፈራሪያ አትጨምሩ። ይህ መልዕክት ነገ ዳኛ ፊት ይነበባል፤ ዛቻ ካለበት እናንተ ተጠያቂ ትሆናላችሁ። ለከተማ ውስጥ ዕቃ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን በቂ ጊዜ ነው። የአንድ ሰዓት ገደብ መስጠት ግን ሕጉ የሚፈልገውን ምክንያታዊነት ያሳጣችኋል።

ሙሉውን ሳይሆን የተወሰነውን ብቻ ከፍላችሁ ከነበረ ንግግራችሁን መልሳችሁ አንብቡ። «ቀብድ» የሚል ቃል አለበት? በፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ትቶ የሚወጣው እጥፉን መልሶ ነው። 1,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ «ዕቃው ለሌላ ተሸጧል» ያለ ሻጭ 2,000 ብር ሊጠየቅ ይችላል። ሕጉ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራልና፣ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ የተዋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ቀብዱ ይቀራል። ብዙ ገዢ ይህን መብት ሳያውቀው የራሱን 1,000 ብር ብቻ ለማግኘት ይለምናል።

5. ሻጩ ሲመልስላችሁ

«ግማሹን ዛሬ፣ ቀሪውን ለደመወዝ» ካለ ተቀበሉት። ብሩ እንደገባ ወዲያው ጻፉ፦ «ከ3,800 ብር ውስጥ 1,500 ተቀብያለሁ፤ 2,300 ይቀራል፤ እስከ ሚያዝያ 1 እንዲከፍሉ ተስማምተናል።» እሱም «እሺ» ካለ ዕዳውን በራሱ እጅ አመነ ማለት ነው።

«ልኬልሃለሁ» ብሎ የባንክ ስክሪንሾት ከላከ፣ ስክሪንሾቱን ትታችሁ ሒሳባችሁን እዩ። የተቀነባበረ የክፍያ ምስል ለመሥራት ደቂቃ ይበቃል። የራሳችሁ ቀሪ ሒሳብ ካልጨመረ ብር አልገባም፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ብር ለመመለስ የይለፍ ቁጥራችሁን ወይም በአጭር መልዕክት የመጣላችሁን ኮድ ማንም አይፈልግም። ስልክ ቁጥር ወይም ሒሳብ ቁጥር ብቻ ይበቃል። ቅሬታችሁን በአደባባይ ከለጠፋችሁ በኋላ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ብርዎን ላስመልስልዎ» የሚል ሰው ሊመጣባችሁ ይችላል። ይህ ሁለተኛው ሌባ ነው፤ ብር የጠፋባቸውን ሰዎች አስተያየት ውስጥ እየፈለገ የሚያጠምድ። ወዲያው ዝጉት።

6. ፖሊስ ጣቢያ፦ የት፣ ምን ይዞ፣ ምን ብሎ

የዳር ነዋሪ እዚህ ላይ ብዙ ይመላለሳል። አያት፣ ሰሚትና ጀሞ በአዲስ አበባ ፖሊስ ሥር ናቸው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ደግሞ በ2015 ከተዋቀረው ሸገር ከተማ ጋር በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው። በአንዱ በኩል ያለ ጣቢያ «ይህ የእነሱ ነው» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ፦ ብሩን ስትልኩ የት ነበራችሁ? ተቀባዩ የት እንዳለ የሚያሳይ ነገር አላችሁ? መጀመሪያ ብሩን ስትልኩ በነበራችሁበት አካባቢ ያለው ጣቢያ ሂዱ። ወደ ሌላ ጣቢያ ከመሯችሁ ደብዳቤ ወይም የተመዘገበበትን ቁጥር ጠይቁ፤ በቃል ብቻ ተመርታችሁ አትሂዱ። ሸገር ውስጥ የምታመለክቱ ከሆነ ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ሥራው ይቀላጠፋል፤ ቋንቋውን የሚጽፍ ጎረቤት አስቀድማችሁ ፈልጉ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ መታወቂያ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የንግግሩ ስክሪንሾት በተራ ቁጥር ታትሞ፣ ማስጠንቀቂያው፣ የባንኩ የቅሬታ ቁጥር፣ እና ዋናው መልዕክት ያለበት ስልክ ራሱ። ሁሉንም በሁለት ኮፒ አድርጉት።

ጣቢያ ውስጥ ሊጠብቃችሁ የሚችለው መልስ «ይህ ፍትሐብሔር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» የሚል ነው። መርማሪው ሁልጊዜ አልተሳሳተም። ዕቃ ማዘግየት ብቻውን ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ሻጩ ከመጀመሪያው ሐሰት ተናግሮ ብራችሁን ሲወስድ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነትን፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 ደግሞ በኮምፒውተር አማካይነት የሚደረግ የማታለል ድርጊትን ይቀጣሉ። ስለዚህ ማመልከቻችሁ «ዕቃ አላመጣልኝም» ብሎ አይጀምር። ሐሰቱን ያስቀድም፦

«1. ራሱን እገሌ ብሎ ነገረኝ፤ ብሩ የገባው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። 2. ሱቄ እዚህ ሕንፃ ላይ ነው አለኝ፤ ሄጄ ስጠይቅ እንደዚህ ያለ ሱቅ የለም። 3. የዕቃው ነው ብሎ የላከው ፎቶ ከውጭ ድረ ገጽ የተወሰደ ነው። 4. በዚህ አምኜ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት 3,800 ብር ላክሁ። 5. ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ብር ጠየቀኝ፤ እንቢ ስል አገደኝ። 6. ድርጊቱ ተጣርቶ ተጠያቂው በሕግ እንዲጠየቅልኝ፣ ብሩ ያለበት ሒሳብም እንዲታገድልኝ አመለክታለሁ።»

እውነት የሆኑትን ብቻ ጻፉ፤ አንዱም ነጥብ ቢሆን የምታሳዩት ማስረጃ ይኑረው። ሌሎች የተታለሉ ሰዎች ካሉ አብራችሁ ሂዱ። የተለያዩ ሰዎች በተመሳሳይ ዘዴ ለአንድ ሒሳብ መክፈላቸው «ረስቶት ነው»፣ «ሞተረኛው ጠፍቶበት ነው» የሚለውን ሰበብ ይዘጋል። ስልክ ቁጥሩን በጉግል፣ በቴሌግራምና የደዋይን ስም በሚያሳየው ትሩኮለር ፈልጉ፤ የድሮ ተጎጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ሌላ የሚያሰናክል ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። የክፍያ መልዕክቱ በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይመጣል። የምስክርነት ቃላችሁ ግን በእኛ ይጻፋል። ደረሰኙ ላይ 25/03/2025፣ 14:20 የሚል ካለ፣ ቃላችሁ መጋቢት 16 ቀን 2017 ከቀኑ 8:20 መሆን አለበት። በቃል «ሁለት ሰዓት ላይ» ብላችሁ ከሰጣችሁ ማስረጃውና ቃሉ ይጋጫሉ፤ የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚይዘው ይህን ነው። ማመልከቻው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

ሒሳቡ የማን እንደሆነ፣ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ፣ ብሩ ወደየት እንደሄደ መጠየቅ የምርመራው ሥራ ነው። በ09 የሚጀምር ከሆነ ለኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 ከሆነ ለሳፋሪኮም ይጻፋል። የእናንተ ሥራ የመርማሪውን ስምና ስልክ ይዞ፣ የተጻፈው ደብዳቤ መውጣቱን መከታተል ነው። ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። በትሕትና ግን በየጊዜው እየጠየቁ መገኘት ያስፈልጋል። ጉዳዩ ወደ ክስ ከሄደ፣ የጉዳት ካሣችሁን በዚያው በወንጀሉ መዝገብ አጣምራችሁ መጠየቅ እንደምትችሉ ለዐቃቤ ሕጉ ንገሩ።

7. ሻጩ የታወቀ ሱቅ ከሆነ

ንግድ ፈቃድና ሱቅ ያለው ሻጭ ከፖሊስ ይልቅ ንግድ ጽሕፈት ቤትን ይፈራል። ደረሰኙ ላይ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዛችሁ በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ፈቃዱ በትክክል መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ ሱቁ ባለበት ወረዳ የንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ ተመሥርታችሁ ማለት ነው። ዕቃው ደርሶ ጉድለት ያለበት ከሆነ በዚሁ አዋጅ ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ብሩ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁና ቀኗን አታሳልፏት።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በፊት የሚጠየቀው የተከሳሹ ሙሉ ስምና መጥሪያ የሚደርስበት አድራሻ ነው። የቻናል ስም አይከሰስም። አድራሻ ከሌላችሁ ክሱን ከመክፈታችሁ በፊት በፖሊሱ ምርመራ ማንነቱ እስኪታወቅ ጠብቁ፤ አለበለዚያ የዳኝነት ክፍያውንና ማመልከቻ ማስጻፊያውን በከንቱ ታወጣላችሁ። ለ500 ብር ዕቃ እስከ ፍርድ ቤት መሄድ ለዳር ነዋሪ አያዋጣም፤ የታክሲው ብቻ ይበልጣል። ለባንኩና ለፖሊስ ማመልከቱን ግን በ500 ብርም አትተዉት። ከብዙ ሰው 500 500 ብር እየወሰደ የሚኖር ሌባ የሚያዘው በትንንሾቹ አቤቱታዎች ድምር ነው።

ሽማግሌ ገብቶ ከታረቃችሁ ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፤ መጠን፣ ቀን፣ የሁለት ምስክር ፊርማ ይኑረው። ብሩ እጃችሁ ሳይገባ አቤቱታ አታንሡ።

ከቻይና አስመጣለሁ የሚል ሻጭ ከሆነ

በፕሪ ኦርደር፣ ማለትም አስቀድመው ትዕዛዝ ተቀብለው፣ የሚሠሩት «መንገድ ላይ ነው» ብለው ወራት ሊወስዱ ይችላሉ። የትዕዛዙን ስክሪንሾትና የመከታተያ ቁጥሩን ጠይቁ። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ ቁጥሩ 13 ምልክት ነው፦ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ ሁለት ፊደል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የላኪውን አገር ያሳያሉ፤ ከቻይና ከሆነ «ሲኤን» ነው። በግል አጓጓዥ የሚመጣ ዕቃ ሌላ ዓይነት ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል መለየቱ ብቻውን ሐሰት አያደርገውም። ዋናው ቁጥሩን መከታተያ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ የተላከበት ቀንና መድረሻው ከእናንተ ትዕዛዝ ጋር መግጠሙን ማየት ነው። ከእናንተ ክፍያ በፊት የተላከ ዕቃ የእናንተ አይደለም።

በአሊኤክስፕረስ ከሆነ ዕቃው አልደረሰም ብሎ ክርክር መክፈት የሚችለው የአካውንቱ ባለቤት፣ ማለትም አስመጪው ብቻ ነው። ያውም የገዢ ጥበቃው ጊዜ ሳያልቅ። የቀረውን ቀን የሚያሳየውን ገጽ በስክሪንሾት አስልኩና፣ ከማለቁ በፊት ክርክሩን እንዲከፍት በጽሑፍ ጠይቁ። በራሳችሁ ቪዛ ካርድ ከከፈላችሁ ደግሞ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ክርክር ማቅረብ ይቻላል፤ ዕቃ አልደረሰኝም ለሚል ጉዳይ የቪዛ ገደብ በመደበኛው ይደርሳል ከተባለበት ቀን 120 ቀን ነው።

ስለ መለጠፍ

ሌላ ሰው እንዳይበላ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው። የቻናሉን ስም፣ የከፈላችሁበትን ቀንና አለመድረሱን ጻፉ። የግለሰቡን ፎቶ፣ የቤተሰቡን ስልክ፣ መታወቂያ አትለጥፉ፤ የተሰረቀ የሌላ ሰው መታወቂያ ሊሆን ይችላል፣ ስም ማጥፋትም በሕግ ያስጠይቃል። ቻናሉን በቴሌግራም «ሪፖርት» ማድረግ ይጠቅማል፤ ግን ማስረጃው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ። ቀድማችሁ ካዘጋችሁት ማስረጃውም አብሮ ይዘጋል። ሻጩን ለመያዝ ብቻችሁን ወደ ማታውቁት ቦታ አትሂዱ።

ለሚቀጥለው ግዢ

ሻጩ ወደ ሰፈራችሁ ያለ ቅድሚያ ክፍያ አልልክም ካለ፣ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የሞተሩን ሒሳብ ብቻ አስቀድማችሁ ክፈሉ። ሐቀኛ ሻጭ የሚፈራው ሞተረኛው በከንቱ መመላለሱን ነውና ይህ ይበቃዋል። ወይም መሀል ላይ ተገናኙ፤ ከአያት በኩል ለሚመጣ መገናኛ፣ ከቃሊቲ በኩል ለሚመጣ ሳሪስ፣ ከጀሞ በኩል ለሚመጣ ሜክሲኮ፤ በቀን፣ ሰው ባለበት ካፌ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሳይቱን፣ ብሎኩን፣ የቤት ቁጥሩንና የካርታ ሎኬሽኑን በአንድ መልዕክት ይላክ፤ «ቤቱ ጠፋብኝ» የሚለው ሰበብ ከመነሻው ይቀራል። ከፊል ክፍያ ከሰጣችሁም «1,000 ብር ቀብድ ልኬያለሁ፤ ዕቃው እስከ ሐሙስ ይደርሳል» ብላችሁ በዚያው ቃል ጻፉ፣ «እሺ» የሚል መልስም ተቀበሉ። ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ ሳጥኑን ከፍታችሁ፣ ጫማ ከሆነ ቁጥሩንና ሁለቱንም እግር አይታችሁ፣ ከዚያ ቀሪውን ላኩ።